ስልኩ የልጆች ብቻ አይደለም

ወደ እስራኤል ከገባን ወዲህ በብዙዎቻችን ቤት የተገለበጠ ነገር አለ። በአገራችን ልጅ ይጠይቃል፣ አባትና እናት ይመልሳሉ። እዚህ ግን ከቢቱዋህ ለኡሚ የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ ኩፓት ሆሊም ደውሎ ቀጠሮ የሚይዘው፣ የአውቶቡሱን ቁጥር የሚነግረን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኗል። ዕብራይስጡን ከእኛ ቀድሞ ያዘ። ዛሬ ደግሞ ቢሮው፣ ሐኪሙ፣ ባንኩና ትምህርት ቤቱ ሁሉ በስልክ ውስጥ ገብተዋል፤ ስልኩም በልጁ እጅ ነው።

በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነቴ በየቤቱ ስገባ ወላጆች ስለ ኢንተርኔት ሁለት ነገር ይነግሩኛል። አንደኛው «ልጆቻችንን ወሰደብን» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኛ አንችልበትም፣ ጊዜው አልፎብናል» የሚል ነው። የመጀመሪያው ስጋት እውነትነት አለው። ሁለተኛው ግን ትክክል አይደለም። ወላጅ ስልኩን ከልጁ እጅ ከመቀማት ይልቅ ለራሱም ቢይዘው ይበልጥ ይጠቀማል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባል የለም? ልጅ የተረጎመው የሐኪም ቃልም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ ልትሞክሯቸው የምትችሉ፣ አንዳንዶቹ ለጥቅም፣ አንዳንዶቹ ለጨዋታ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮችን አቀርብላችኋለሁ።

ለሚናገር ሰው ማንበብ ግድ አይደለም

ብዙ እናቶች ኢንተርኔት ማንበብና መጻፍ ለሚያውቅ ብቻ የተሠራ ይመስላቸዋል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። በአብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ በመጻፊያው ሰሌዳ ጥግ ትንሽ የማይክሮፎን ሥዕል አለች። እርሷን ነክታችሁ በአማርኛ ስትናገሩ ቃላችሁ በፊደላችን ይጻፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኩ ቅንብር ውስጥ አማርኛ መመረጥ አለበት፤ ይህን አንድ ቀን ልጃችሁ ወይም ጎረቤት ያስተካክልላችሁ። ከዚያ በኋላ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ዩቲዩብ ከፍታችሁ «የጎንደር ማሲንቆ» በሉት። «ጥላሁን ገሠሠ» በሉት፤ «የዳቦ አገጋገር» በሉት። ሥዕሉን አይታችሁ ትመርጣላችሁ፣ በጆሮ ትሰማላችሁ። ዜና የሚፈልግ ደግሞ ካን ሬካ የተባለው የእስራኤል ሬዲዮ በአማርኛ የሚያቀርበውን ዝግጅት በኢንተርኔት ማዳመጥ ይችላል።

አስተርጓሚው የት ድረስ ያገለግላል?

የጎግል የትርጉም አገልግሎት አማርኛን የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ትግርኛን ደግሞ በ2022 ጨምሯል። የትምህርት ቤት አጭር መልእክት፣ በሱቅ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቃል፣ የአውቶቡስ ማስታወቂያ ሲያጋጥማችሁ ጥሩ ረዳት ነው። ይሁንና ገደቡን እወቁ። የእኛ ፊደል ድምፁን ይዞ ይጻፋል፤ «ሰ» እና «ሱ» አይምታቱም። የዕብራይስጥ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ነጥብ ነው። ሳሜኽ፣ ፔ፣ ሬሽ የተባሉት ሦስት ፊደላት «ሴፈር» ተብለው ሲነበቡ መጽሐፍ ናቸው፤ «ሳፓር» ከተባሉ ግን ጠጉር አስተካካይ ይሆናሉ። እንዲህ ያለ ቃል ሰውንም ያሳስታል፣ መሣሪያውንም ያሳስታል።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። በአማርኛ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ ወይም ተናገሩ፣ ወደ ዕብራይስጥ አስተርጉሙት። ከዚያም የወጣውን ዕብራይስጥ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አስተርጉሙት። ያላችሁት ነገር ተመልሶ ከመጣ ላኩት። ሌላ ነገር ከመጣ ግን አሳጥራችሁ እንደገና ሞክሩ።

በሦስት ጉዳዮች ግን በስልኩም በልጁም አትተማመኑ፤ እነዚህም ሕክምና፣ ፍርድ ቤትና ፊርማ የሚጠየቅበት ወረቀት ናቸው። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና በ2013 ሥራ ላይ በዋለው 7/11 በተባለ መመሪያ መሠረት የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በታካሚው ቋንቋ የሚደረስበት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ሐኪም ቤት ስትገቡ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። የእናቱን ሕመም ለሐኪሙ ማስረዳት ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ሸክም ነው። እናትም በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም ይኖራታል፤ ሐኪሙም ሳያውቀው ይቀራል።

ሥዕልም መዝገበ ቃላት ነው

ገበያ ወጥታችሁ የምትፈልጉትን ቅመም ስም በዕብራይስጥ ካላወቃችሁ በጎግል ላይ «ሥዕሎች» የሚለውን ክፍል ተጠቀሙ። አብሽ እዚህ «ሂልቤ» ይባላል። ጥቁር አዝሙድ «ቄጻሕ» ነው፤ ተልባ ደግሞ «ፒሽታን»። ስሙን ካስገባችሁ በኋላ ፍሬውን በሥዕል አይታችሁ ታረጋግጣላችሁ፤ ሥዕሉንም ለባለ ሱቁ ታሳዩታላችሁ። አንድ ቃል ሳትናገሩ ትገዛላችሁ፣ ቃሉንም ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ከመደብሩ የተገዛ መድኃኒት ሲሆን ግን በሥዕል አትመኑ፤ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

መንገድና ሰዓት

ሙቪት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ እስራኤል ውስጥ የተጀመረው የመንገድ መሪ የት መሄድ እንደምትፈልጉ ከነገራችሁት የትኛውን አውቶቡስ እንደምትይዙ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደሚመጣና የት እንደምትወርዱ ያሳያችኋል። መውረጃችሁ ሲደርስም እንዲያስታውሳችሁ ማድረግ ይቻላል። ሹፌሩን ደጋግሞ ለመጠየቅ ለሚያፍር ሰው ትልቅ ዕረፍት ነው። የመጀመሪያውን ጉዞ ቀጠሮ በሌላችሁ ቀን ሞክሩት፤ ብትሳሳቱም የሚያልፋችሁ ነገር የለም።

ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ በስልኩ ላይ 8:30 ተብሎ የተጻፈ የጠዋት ቀጠሮ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ምክንያት ቀጠሮ የሚያልፋቸው አዲስ ገቢዎች ጥቂት አይደሉም። ከቁጥሩ ላይ ስድስት ቀንሱ፣ ትክክለኛውን ታገኛላችሁ።

የልጁ ልደት በዕብራይስጥ መቼ ነው?

ባር ሚጽቫ የሚደርስ ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ቀኑን ለማወቅ ስትቸገሩ አያለሁ። ሄብካል የሚባለው መሣሪያ የአውሮፓውን ቀን ወደ ዕብራይስጥ ቀን ይለውጣል። የእኛን ቀን ወደ አውሮፓ የሚለውጡ መሣሪያዎችም በስልክ ላይ ይገኛሉ። ለምሳሌ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 2004 የተወለደ ልጅ በአውሮፓ ኦክቶበር 23 ቀን 2011 ነው የተወለደው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ ቲሽሬይ 25 ቀን 5772። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው በቲሽሬይ 25 ቀን 5785 ነበር፤ ይህም ኦክቶበር 27 ቀን 2024 ማለት ነው። የአውሮፓው ልደትና የዕብራይስጡ ልደት በተለያየ ቀን እንደሚውሉ ልብ በሉ። ልጁ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተወልዶ ከሆነ ደግሞ በዕብራይስጡ የሚቀጥለው ቀን ይያዛል። ይህን የምታስታውስ እናት ብቻ ናት፤ ስልኩ ከእርሷ ይጠይቃል እንጂ አያውቅም።

መንደራችሁን ለልጆች አሳዩ

አሁን ለጨዋታ ወደሚሆነው ልምጣ። በጎግል ካርታ ላይ «ሳተላይት» የሚለውን ስትመርጡ ምድሪቱን ከላይ ሆናችሁ እንደ አሞራ ታያላችሁ። ጎንደርን ፈልጉ። የፋሲል ግንብን ግቢ ከነቅጥሩ ታገኙታላችሁ። የቀሃንና የአንገረብን ወንዝ ተከተሉ። ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወለቃን፣ ራቅ ብላችሁ አምቦበርን ፈልጉ፤ በደቡብ ደግሞ ጣና ተዘርግቶ ይታያችኋል። ከዚያ የራሳችሁን መንደር በመንገዱና በወንዙ እየመራችሁ ድረሱበት።

እዚህ ላይ የሚሆነውን ነገር በብዙ ቤት አይቻለሁ። ቀኑን ሙሉ አስተማሪ የነበረው ልጅ ድንገት ጠያቂ ይሆናል። «ውኃ ከየት ነበር የምትቀዱት? ትምህርት ቤቱ ስንት ሰዓት ያስኬድ ነበር? ይህ ገደል ምንድን ነው?» ይላል። መልሱን ጎግል አያውቅም፤ አያቱ ነው የሚያውቀው። ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር ከ2,100 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሆነ በካርታው ላይ ለኩለት። እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል የመጡ ዘመዶች ካሏችሁ ጠርታችሁ ከጎንደር ወደ መተማ፣ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ የሄዱበትን መንገድ በጣታቸው ያሳዩት። በዚያ መንገድ ላይ ያለቁት ወገኖቻችን መታሰቢያ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ቆሞላቸዋል፤ ልጁ መንገዱን አይቶ ወደዚያ ቢሄድ ነገሩ ይገባዋል።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ሥዕሉ የተነሣው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት ነው። «ቤታችን አሁንም አለ» ብላችሁ በእርሱ አትፍረዱ።

ሌላም ጨዋታ አለ። ገበጣ በስልክ ላይ «ማንካላ» በሚል ስም ይገኛል። ሕጉ ከእኛ ትንሽ ይለያል፤ ልዩነቱን ለልጁ ማስረዳት ራሱ ጨዋታ ነው። ደግሞም ተራ በተራ በትርጉም መሣሪያው ላይ ቃል እያስገባችሁ ዘመድ የሆኑ ቃላትን ፈልጉ። ራስ «ሮሽ» ነው፣ ቤት «ባይት»፣ ልብ «ሌቭ»፣ ሰማይ «ሻማይም»፣ ነፍስ «ኔፌሽ»፣ ደም «ዳም»። ብዙ ያገኘ ያሸንፋል። «ዕብራይስጥ አይገባኝም» የምትል እናት በዚህ ጨዋታ ከልጆቿ ብትበልጥ አይግረማችሁ፤ ልጆቹ ዕብራይስጡን ቢያውቁም አማርኛው የእርሷ ነውና።

ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቀሩ ዘመዶች ላሏችሁ ደግሞ በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት መተው ከመደወል ይሻላል። እዚያ ኔትወርክ ሲጠፋ መልእክቱ እስከ 30 ቀን ተጠብቆ፣ መስመሩ ሲመለስ ይደርሳቸዋል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ዝምታ ሁልጊዜ ክፉ ወሬ አይደለም።

ሌባም በስልክ ይገባል

በር ከተከፈተ ሌባም ይሞክራል። «ጥቅል መጥቶልሃል፣ ጥቂት ሸቀል ክፈል» ወይም «ከቢቱዋህ ለኡሚ ገንዘብ ይገባሃል፣ እዚህ ጋ ተጫን» የሚሉ መልእክቶች በታወቁ መሥሪያ ቤቶች ስም በአታላዮች ይላካሉ። የቴውዳት ዜሁት ቁጥራችሁን፣ የባንክ ካርዳችሁን፣ በመልእክት የደረሳችሁን የምስጢር ኮድ ለማንም አትስጡ። ጥርጣሬ ካላችሁ የብሔራዊ ሳይበር መሥሪያ ቤት ስልክ 119 ነው። ልጃችሁን በኢንተርኔት የሚያስፈራራው፣ የሚያሳፍረው ወይም ሥዕል የሚጠይቀው ሰው ካለ ደግሞ 105 ደውሉ፤ ይህ መሥመር ለዚሁ ጉዳይ የተቋቋመ ነው፣ ሌሊትም ይመልሳል። ልጁ ግን አስቀድሞ ለእናንተ መንገር አለበት። የሚነግራችሁም ስልኩን የምታውቁ ሲመስለው ነው። «እማዬ ምን ይገባታል» ብሎ የደመደመ ልጅ ችግሩን ለብቻው ይሸከማል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በዚህ ሳምንት የማይክሮፎኗን ሥዕል ብቻ አግኙ። ከሰንበት መውጫ በኋላ ቡናው ሲፈላ ልጆቹን ሰብስባችሁ ስልኩን በእናንተ እጅ ያዙና የመንደራችሁን ስም ተናገሩ። ቀጣዩን ጥያቄ እነርሱ ይጠይቋችኋል።