በውኃ ለሚጓዝ ወዳጅ ምን ዓይነት ስጦታ ይበጃል?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ ከሚገኙ ሰፈሮች አንዱ ሃይ ማላካል ይባላል። ‹ሃይ› በዐረብኛ ሰፈር ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የተወሰደው በሰሜን በኩል በነጭ ዓባይ ዳር ከተቆረቆረችው የማላካል ከተማ ነው። ከሰፈሩ ተነስቶ ስሙን ወደሰጠችው ከተማ ለመሄድ ያለው አማራጭ ግን ብዙ አይደለም። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይሄዳል። ሌላው ወደ ጁባ ወደብ ወርዶ ጀልባ ይሳፈራል።

ወዳጅ መንገድ ሲወጣ ባዶ እጁን አለመሸኘት በኢትዮጵያውያን ዘንድ የቆየ ወግ ነው። በጁባ በንግድ፣ በሆቴልና በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደሩ በርካታ ኢትዮጵያውያንም ይህንን ወግ ይዘው ተሰደዋል። ሆኖም ለአውቶቡስ ወይም ለአውሮፕላን መንገደኛ የሚመች ስጦታ በውኃ ለሚጓዝ ሰው ላይመች ይችላል። ጀልባው ከወደብ ከራቀ በኋላ የተረሳ ነገር የሚገዛበት ሱቅ፣ የታመመ የሚታይበት ክሊኒክ በቅርብ አይገኝም።

ስለዚህ ስጦታ ከመግዛት አስቀድሞ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠቅማል። በመርከቡ ወይም በጀልባው ላይ የማይገኘው ነገር ምንድን ነው? ይዞ መሳፈር የተከለከለውስ? ስጦታውን እስከ ጉዞው መጨረሻ የሚሸከመው ማን ነው?

ወንዝ እንደ መንገድ

ነጭ ዓባይ ከጁባ በላይ ወደ ኒሙሌ አቅጣጫ ፏፏቴና አለታማ ስፍራዎች ስላሉበት ለመርከብ አይመችም። ከጁባ ወደ ሰሜን ግን በቦርና በማላካል በኩል እስከ ሱዳኗ ኮስቲ ድረስ ወደ 1 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ የውኃ መንገድ ይሆናል። በክረምት አብዛኛው የአገሪቱ የአፈር መንገድ በጭቃና በጎርፍ ስለሚዘጋ፣ ምግብ፣ ነዳጅና ሰው የሚጓጓዘው በዚሁ ወንዝ ነው።

በመካከል የሚገኘው ሱድ የተሰኘው ሰፊ ረግረግ ነው። ስሙ ‹እንቅፋት› ወይም ‹መዝጊያ› ከሚል የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። እአአ በ2006 በራምሳር ስምምነት መሠረት ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው ረግረጋማ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ የሰፈረው ይህ አካባቢ 57 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የውኃ ላይ ተክሎች መንገዱን ይዘጋሉ፣ ወንዙም እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በጭነት ጀልባ ከጁባ ማላካል ለመድረስ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል።

በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰበት ከሚያዝያ 2023 እአአ ወዲህ ደግሞ ድንበር ተሻግረው ሬንክ የደረሱ ተፈናቃዮችና ተመላሾች ወደ ማላካል የሚጓጓዙት በአብዛኛው በጀልባ ነው። ለእነዚህ ሰዎች የወንዝ ጉዞ መዝናኛ አይደለም። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የሚሰጣቸው ትንሽ ነገር ቀናቱን እንዴት እንደሚያልፏቸው ሊወስን ይችላል።

የባሮ ትዝታ

ወንዙን ተከትሎ መጓዝ ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ ነገር አይደለም። ከማላካል ጥቂት ወደ ደቡብ ነጭ ዓባይን የሚቀላቀለው የሶባት ወንዝ ከዋና ገባሮቹ አንዱ ከኢትዮጵያ የሚነሳው ባሮ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከብሪታኒያ ጋር እአአ በ1902 የፈረሙት ስምምነት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቅዶ ነበር። በዚህም ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆነች። ባሮ በሚሞላበት የክረምት ወራት ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ሸቀጥ አራግፈው የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እአአ ነው።

የዚያ ዘመን ተጓዥ መርከቡ የሚደርስበትን እንጂ የሚዘገይበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም ነበር። ዛሬም በነጭ ዓባይ ላይ ሁኔታው ብዙ አልተለወጠም። ስለዚህ ስጦታው ከታሰበው ቀን በላይ እንዲቆይ ተደርጎ ቢመረጥ ይሻላል።

ስንቅ ሁሉ አንድ አይደለም

የመጀመሪያው ሐሳብ ወደ ስንቅ መሄዱ አይቀርም። የኢትዮጵያ የስንቅ ባህል ማቀዝቀዣ በሌለበት ለረጅም ጉዞ የተሠራ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ሁሉም እርጥበት የተወሰደባቸው ምግቦች በመሆናቸው ቶሎ አይበላሹም።

በጀልባ ላይ ግን በመካከላቸው ልዩነት አለ። በሶ ለመበጥበጥ፣ ድርቆሽም ለመፈትፈት ውኃ ይፈልጋሉ። ውኃው በቀጥታ ከወንዙ የተቀዳ ከሆነ ስንቁ ራሱ የበሽታ መተላለፊያ ይሆናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በደንብ የደረቀ ቋንጣ ግን ውኃም እሳትም ሳይፈልጉ ይበላሉ። እርግጥ እጅን መታጠብ ያስፈልጋልና ከስንቁ ጋር ሳሙና መጨመር ጥሩ ነው።

አያያዙም ትኩረት ይሻል። በወንዝ ላይ ያለው እርጥበት ቆሎን ያለሰልሳል፣ ቋንጣን ደግሞ ያሻግታል። ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ማሸግ፣ አንዱ ቢከፈት ሌላው እንዳይበላሽ ያደርጋል። ጠርሙስ ስለሚሰበርና ስለሚከብድ አይመከርም።

ንጹሕ ውኃ

እአአ በጥቅምት 2024 መጨረሻ የደቡብ ሱዳን መንግሥት የኮሌራ ወረርሽኝ መከሰቱን ያወጀው በሽታው በነጭ ዓባይ ዳር ባለችው ሬንክ ከተገኘ በኋላ ነበር። ኮሌራ በተበከለ ውኃና ምግብ ይተላለፋል። ሕክምና ካልተገኘ በሰውነት ፈሳሽ ማለቅ ምክንያት በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የውኃ ማከሚያ እንክብሎች ከብዙ ውድ ዕቃዎች የሚበልጥ ስጦታ ናቸው። ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ ክብደት የላቸውም ማለት ይቻላል። ተቀባዩ አጠቃቀሙን ማወቁን ግን ያረጋግጡ። ደፍራሽ ውኃ በቅድሚያ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት። አንድ እንክብል ለስንት ሊትር እንደሚሆንና ምን ያህል ደቂቃ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መከተል ይገባል። ጽሑፉ ተጓዡ በማያነበው ቋንቋ ከሆነ በአማርኛ ወይም በሚገባው ቋንቋ በወረቀት ጽፎ ማያያዝ የስጦታው አካል ነው።

በተቅማጥ ሰውነት የሚያጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካው ኦአርኤስም አብሮ ሊሰጥ ይገባል። ዱቄቱ በንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፣ ከተበጠበጠም በኋላ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ክዳን ያለው አምስት ወይም አሥር ሊትር የሚይዝ አዲስ ጀሪካን ከዚህ ጋር ሲሰጥ፣ ስጦታው የተሟላ ይሆናል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ግን ቢታጠብም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

ሕይወት የሚያድን ጃኬት

ለወንዝ ተጓዥ ከሚሰጡ ነገሮች ሁሉ ብዙም የማይታሰበው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ከመጠን በላይ ሰውና ጭነት በያዙ ጀልባዎች ላይ ለሁሉም ተሳፋሪ የሚበቃ ጃኬት መኖሩን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። መዋኘት የሚችል ሰውም ቢሆን በሌሊት፣ በልብሱና በጫማው እንዳለ ወራጅ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ራሱን ማዳን ይቸግረዋል።

ጃኬት ሲገዛ የሚታየው የለባሹ የሰውነት ክብደት ነው። የአዋቂ ጃኬት ለልጅ ቢለበስ ልጁ ከውስጡ ሊያመልጥ ስለሚችል የልጅ ለብቻው መገዛት አለበት። ደማቅ ቀለም ያለውና ፊሽካ የታሰረበት ይመረጣል። ከውጭ በአውሮፕላን ለማስመጣት ከታሰበ፣ በስፖንጅ የተሞላው ዓይነት ይቀላል። በጋዝ የሚነፋው ዓይነት የጋዝ ቆርቆሮ ስላለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። በአየር የሚነፉ የመዋኛ መጫወቻዎች ምትክ ሊሆኑ አይችሉም።

ብርሃን፣ ስልክና ልብስ

በብዙዎቹ የጭነት ጀልባዎች ላይ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በሱድ ውስጥም ለረጅም ሰዓት የስልክ መስመር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለተጓዡ የአየር ሰዓት ከመሙላት ይልቅ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የእጅ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ መስጠት የተሻለ ያገለግላል። ስልክና መታወቂያ የሚያዝበት ውኃ የማያስገባ ቦርሳም ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው።

ልብስን በተመለከተ ጋቢ የፍቅር ስጦታ ቢሆንም፣ ጥጥ በመሆኑ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጅበታል። ነጠላ ግን በቀን ከፀሐይ ይከልላል፣ በሌሊት ይለበሳል፣ ቶሎም ይደርቃል። ረግረጉ የወባ ትንኝ መራቢያ በመሆኑ በመድኃኒት የተነከረ አጎበርና ረጅም እጅጌ ያለው ስስ ሸሚዝ ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማሉ።

ጣጣ የሚያመጡ ስጦታዎች

በቅን ልቦና የተሰጠ ነገር ተቀባዩን ችግር ውስጥ ሊከተው ይችላል። የጭነት ጀልባዎች ብዙ ጊዜ በርሜል ነዳጅ ይጭናሉ። በእንዲህ ዓይነት ጀልባ ላይ ሻማ፣ የከሰል ምድጃ ወይም የጋዝ ማብሰያ ለሁሉም ተሳፋሪ አደጋ ነው። ለቡና ወዳድ የጀበና ዕቃ ከመስጠት ይልቅ የተቆላና የተፈጨ ቡና ሰጥቶ ሲደርስ እንዲያፈላው መተው ይሻላል።

የርቀት መነጽር፣ ድሮንና ትልቅ ካሜራም በሌላ አገር ለመርከብ ተጓዥ የተለመዱ ስጦታዎች ናቸው። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ግን ፎቶ ማንሳት ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ድልድይና ወታደራዊ ስፍራን መቅረጽም ለእስር ሊዳርግ ይችላል። በወንዙ ዳር ጀልባዎችን የሚያስቆሙና ጭነት የሚፈትሹ ኬላዎች ስላሉ፣ የወታደር ልብስ የሚመስል ኮፍያ ወይም ጃኬትም መስጠት አይገባም።

ሌላው ከስጦታ ጋር ተያይዞ የሚመጣው የአደራ ዕቃ ነው። ‹ይቺን ለእከሌ አድርስልኝ› ተብሎ የሚሰጥ የታሸገ ጥቅል ለተጓዡ ሸክም ከመሆኑም በላይ፣ በፍተሻ ጊዜ ተጠያቂ የሚሆነው የያዘው ሰው ነው። አደራ ሳይጭኑ መሸኘት ራሱ ስጦታ ሊባል ይችላል።

ለመዝናኛ መርከብ ተጓዥስ?

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወዳጆች ክሩዝ በሚባለው የመዝናኛ መርከብ ሲጓዙ ችግሩ ይገለበጣል። ምግብ፣ ውኃና የሕይወት አድን ጃኬት በመርከቡ ላይ አለ። የሚያንሰው የክፍሉ ስፋት ነው፣ የሚበዛው ደግሞ ክልከላው።

በርካታ የመርከብ ድርጅቶች የልብስ ካውያ፣ የውኃ ማፍያ፣ ሻማና አንዳንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመዶችን በእሳት ስጋት ምክንያት አያስገቡም። የአልኮል መጠጥ ላይ ገደብ ይጥላሉ። ቤት ውስጥ የተዘጋጀ ምግብንም ብዙዎቹ ስለማይፈቅዱ፣ ለጁባው ተጓዥ ምርጥ የነበረው ዳቦ ቆሎ እዚህ በር ላይ ሊቀር ይችላል። እንደ ባርቤዶስና ጃማይካ ባሉ የካሪቢያን አገሮች ሲቪሎች የወታደር ልብስ ዓይነት ቀለም እንዳይለብሱ በሕግ ተከልክሏል። ኬንያና ታንዛኒያ ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢት ስለከለከሉ፣ ሞምባሳ ወይም ዛንዚባር ለሚወርድ ተጓዥ ስጦታውን በጨርቅ ቦርሳ ማድረግ ይመረጣል።

ለባሕር ማዕበል ዝንጅብል ማቅለሽለሽን ሊያስታግስ ይችላል። የማቅለሽለሽ መድኃኒቶች ግን እንቅልፍ ስለሚያመጡና ለነፍሰ ጡሮችና ለልጆች ሁልጊዜ ስለማይስማሙ፣ ያለ ሐኪም ምክር በስጦታ መልክ መስጠት አይገባም። ቲኬቱን ራሱን በስጦታ ለመስጠት ያሰቡም ቪዛውን ያስቀድሙ። መርከቡ ከሸንገን አገሮች ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

ገንዘብ መስጠት ነውር ነው?

አይደለም። ‹ለስንቅህ› ተብሎ በእጅ የሚጨበጥ ገንዘብ የተከበረ ልማድ ነው። በወንዝ ጉዞ ላይ ግን ትልቅ ኖት መልስ አይገኝለትም። ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም ከብዙ ዓመት በፊት የታተመ የዶላር ኖትም በጁባና በአካባቢው አገሮች ገበያ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። በመሆኑም በትናንሽ ኖቶች ዘርዝሮና ውኃ በማያስገባ ነገር ጠቅልሎ መስጠት ይመከራል።

ጊዜውም ከስጦታው እኩል ያስፈልጋል። ወደብ ላይ በሽኝት ግርግር የሚሰጥ ዕቃ ቦታ አይኖረውም፤ አጠቃቀሙንም ለማስረዳት ጊዜ አይገኝም። ከሁለትና ከሦስት ቀን በፊት ወዳጅዎን ቤቱ ሄደው ምን እንደያዘና ምን እንደጎደለው ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ የሚገዙት ነገር ትንሽ ቢሆንም፣ ተጓዡ በጉዞው ላይ በእርግጥ የሚጠቀምበት ይሆናል።