መፎረፍና መቅረት

በተማሪ አነጋገር ክፍል ጥሎ መሄድ «መፎረፍ» ይባላል። ቃሉ የመጣው ከኳስ ሜዳ ነው፤ በፎርፌ የሚሸነፍ ቡድን ሜዳ ሳይገኝ የቀረ ቡድን ነው። የዩኒቨርስቲ ተማሪ ወድዶ ይፎርፋል። ከአዘዞ ወደ ማክሰኚት በሚወስደው መንገድ፣ በፀዳ ዙሪያ ያለው የገበሬ ልጅ ግን የሚቀረው በሌላ ምክንያት ስለ ሆነ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አይገባም።

ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና በጥር ይሰጣል። አጨዳውና ውቂያው ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። አዋቂው አጨዳ ሲውል ከብቱ ለወንዱ ልጅ፣ ውሃውና ሕፃኑ ለሴቷ ልጅ ይተዋሉ። ስለዚህ ልጁ የሚጎድለው ትምህርቱ በሚጠነክርበት ወራት ነው። ክፍልፋይ ሲሰጥ ያልነበረ ልጅ መቶኛ ሲመጣ ግራ ይገባዋል፤ ያፍራል፤ በመጨረሻም ጨርሶ ይቀራል።

በጎንደር የአብነት ትምህርት ቤት የቀረ ተማሪ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የኔታ የሚያስኬዱት እንደ ችሎታው ነው። ዘመናዊው ክፍል ግን ያልተከተለውን ጥሎ ያልፋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፣ ወደ ኋላ የቀረው ልጅ በዝቷል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቅጣት ብቻ ሊሆን አይችልም። በስም መጥሪያው ላይ ከ«ቀሪ» ጎን ምክንያቱ ይጻፍ፤ ከአጨዳ በኋላም ማካካሻ ትምህርት ይሰጥ። እኛ በገዛ ፈቃዳችን የምንጥለውን ሰዓት ያ ልጅ አጥቶት ነው የቀረው።