በኦንላይን ግዢ የተጭበረበረ ገንዘብን ማስመለስ

በኦንላይን ግዢ የተጭበረበረ ገንዘብን ማስመለስ፣ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ ወይም በድረ ገጽ ለታየ ዕቃ ከፍሎ ዕቃውን ያላገኘ ሰው ገንዘቡን መልሶ ለማግኘት የሚከተለው ሒደት ነው። በኢትዮጵያ ውጤቱን በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ክፍያው የተፈጸመበት መንገድና ተበዳዩ ያመለከተበት ፍጥነት።

የማጭበርበሩ መልክ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ በሰፊው ተለምዷል። ለምሳሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር በምትገኘው ቢዮ አዋሌ የሚኖር ሰው «አዲስ አበባ ነኝ» ለሚል ሻጭ በደቂቃ ውስጥ መክፈል ይችላል፤ ዕቃውን ግን በዓይኑ አላየውም። አጭበርባሪው ብዙውን ጊዜ ዋጋውን ከገበያው በታች ያደርጋል፤ «ሌላ ገዢ አለ» እያለ ያጣድፋል፤ ቀብድ ወይም የማጓጓዣ ሒሳብ ያስቀድማል። ብሩ እንደገባለት ስልኩን ያጠፋል።

የክፍያው መንገድ

በቪዛ ወይም በማስተርካርድ የከፈለ ሰው፣ ካርዱን የሰጠው ባንክ ክፍያውን እንዲያስቀለብስለት ማመልከት ይችላል። በቴሌብር፣ በኤምፔሳ ወይም በባንክ ሒሳብ የተላከ ገንዘብ ግን ላኪው ራሱ በምስጢር ቁጥሩ ያዘዘው ስለሆነ፣ ዕቃው አልደረሰም በሚል ብቻ ተመላሽ አይሆንም። ዋናው ተስፋ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ከመውጣቱ በፊት እንዲታገድ ማድረግ ነው።

የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. ገንዘቡ የተላከበትን ድርጅት ወዲያውኑ ማሳወቅ። የቴሌብር የጥሪ ቁጥር 127፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ 951 ነው።
2. ማስረጃ መያዝ፦ የግብይት ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ስልክ፣ ማስታወቂያውና የተጻጻፉት መልእክት። መልእክቱን ማጥፋት ወይም ሻጩን ማገድ ማስረጃ ሊያሳጣ ይችላል።
3. ለፖሊስ ማመልከት። ባንክ የደንበኛውን መረጃ ለተበዳዩ አሳልፎ ስለማይሰጥ፣ የሒሳቡን ባለቤት ማጣራት የሚቻለው በምርመራ ነው።

የሕግ መሠረት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ በአንቀጽ 101 መሠረትም ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ማቅረብ ይችላል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለልን ይመለከታል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንደማያጣ ደንግጓል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በድሬዳዋም ስለሚያስችሉ የቢዮ አዋሌ ነዋሪ በፌዴራል ፍርድ ቤት ለሚታይ ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አይጠበቅበትም።

ሻጩ የሚታወቅ ነጋዴ ሆኖ ጉድለት ያለበት ዕቃ ልኮ ከሆነ ግን ጉዳዩ የሸማች መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢው በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል።

ተከታይ ማጭበርበር

ገንዘቡን ያጣ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ዒላማ ይሆናል። «ገንዘብህን አስመልስልሃለሁ» የሚሉ ሰዎች የአገልግሎት ክፍያ ወይም የምስጢር ቁጥር ይጠይቃሉ። ባንክም ሆነ ፖሊስ የደንበኛን የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ ይህን የጠየቀ ሰው ሊሰርቅ የመጣ ነው።