ከዓባይ በረሃ እስከ ቶኪዮ፦ ለጃፓን አኒሜ፣ ማንጋና ዲዛይን ወዳጆች የጉዞ ዳሰሳ

ከየጥኖራ፣ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነስቶ በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ ፓስፖርት ሳያወጣ የጃፓንን ዲዛይን አይቶ ያልፋል። በዓባይ በረሃ የተዘረጋው የህዳሴ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ፣ በጃፓኑ ተቋራጭ ካጂማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ተመርቋል። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ጤፍ ጭኖ ያንን ዳገት የሚወጣው አይሱዙ፣ ተሳፋሪ የሚያመላልሱት፣ አባዱላና ዶልፊን የምንላቸው የቶዮታ ሚኒባሶችም ከዚያው አገር የመጡ ናቸው። ናሩቶን ወይም ዋን ፒስን በስልኩ የሚከታተል የአካባቢው ወጣት ጃፓንን የማየት ምኞት ቢያድርበት እንግዲህ አይገርምም። ይህ ዳሰሳ ምኞቱ የት የት ሊያደርሰው እንደሚችል ይቃኛል። “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀደምት መንገደኞች

ኢትዮጵያውያን ጃፓንን በአድናቆት ማየት የጀመሩት ከአኒሜ በፊት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ልዑክ መርተው ጃፓንን ጎበኙ፤ ያዩትንም “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” በሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የታወጀው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። የዚያ ዘመን ምሁራን ከጃፓን የፈለጉት የሥልጣኔን መንገድ ነው።

ጃፓኖች ደግሞ ኢትዮጵያን በአበበ ቢቂላ አወቋት። አበበ በ1961 ኦሳካ ላይ የማይኒቺን ማራቶን ሲያሸንፍ የሮጠው ኦኒትሱካ የተባለው የጃፓን ጫማ ሠሪ ባቀረበለት ጫማ ነው፤ ይህ ድርጅት ዛሬ አሲክስ ይባላል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቶኪዮን ኦሎምፒክ ማራቶን በ2፡12፡11 ጨረሰ። ማራቶኑ የተጠናቀቀበት የያኔው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው አርክቴክት ኬንጎ ኩማ የነደፈው አዲሱ ብሔራዊ ስታዲየም በ2019 ተሠርቷል። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከዚህ የተሻለ የጉዞ መነሻ ቶኪዮ ውስጥ አይገኝም።

ታሪኩ የተፈጸመበትን ቦታ ማየት

የአኒሜ ወዳጆች ጉዞ መሠረቱ ቀላል ነው፤ በሥዕል ያዩትን ሥፍራ በዓይን ማየት። ጃፓኖች ይህን “የተቀደሰ ስፍራ ጉብኝት” ይሉታል፤ በ2016 የተቋቋመ የአኒሜ ቱሪዝም ማኅበርም 88 ቦታዎችን እየመረጠ ያስተዋውቃል። “ዩር ኔም” በተባለው ፊልም መጨረሻ የሚታየው ደረጃ ቶኪዮ ውስጥ ሱጋ ከተባለው የሺንቶ መቅደስ አጠገብ ይገኛል። “ስላም ዳንክ” በተባለው አኒሜ የሚታወቀው የባቡር ማቋረጫ ደግሞ በካማኩራ፣ ከባሕሩ ዳርቻ ነው። እዚያ ፎቶ አንሺው ስለበዛ የሰፈሩ ሰው ተማሯል፤ አስፋልት ላይ ቆሞ ከማንሳት መቆጠብ የእንግዳ ወግ ነው።

ሙዚየም የሚመርጥ፣ በቶኪዮ ሚታካ በ2001 የተከፈተውን፣ የአኒሜ ስቱዲዮው የጂብሊን ሙዚየም ያስቀድማል። በር ላይ ቲኬት አይሸጥም፤ አስቀድሞ መግዛት ግድ ነው። በአይቺ ግዛት ያለው የጂብሊ ፓርክ የተከፈተው በ2022 ነው። በኪዮቶ የቀድሞ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በ2006 የተከፈተው የማንጋ ሙዚየም 300,000 ያህል ጽሑፎችና ዕቃዎች አሉት። ለገበያ አኪሃባራና ናካኖ ብሮድዌይ አሉ። ኮስፕሌይ (እንደ አኒሜ ገጸ ባሕርያት መልበስ) የሚወድ ደግሞ በነሐሴና በታኅሣሥ አካባቢ በቶኪዮ ቢግ ሳይት የሚደረገውን ኮሚኬት የተባለ የማንጋ ገበያ ቢጠብቅ አይቆጭም።

የዲዛይን መንገድ

ለዲዛይን የሚጓዝ ሰው 1964ን እንደ ቁልፍ ይያዝ። ለኦሎምፒኩ ዝግጅት ኬንዞ ታንጌ የዮዮጊን ስታዲየም ነደፈ፣ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሥራ ጀመረ፣ ጃፓንኛ ለማያነብ እንግዳ ደግሞ ስፖርቶቹንና አገልግሎቶቹን በሥዕል የሚያመለክቱ ምልክቶች ተዘጋጁ። ዛሬ በየአውሮፕላን ማረፊያው የምናየው የመጸዳጃ ቤት ምልክት ከዚያ ሥራ ብዙ ወርሷል።

ናጎያ ላይ ያለው የቶዮታ ኢንዱስትሪና ቴክኖሎጂ መታሰቢያ ሙዚየም ለእኛ ሰው ልዩ ትርጉም አለው። ቶዮታ ከመኪና በፊት የሽመና ዕቃ ሠሪ ነበር፤ ሳኪቺ ቶዮዳ በ1924 የሠራው ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ የሽመና ማሽን ያስገኘው ጥሪት ልጁ መኪና ለመሥራት መነሻ ሆኖታል። ቶኪዮ ውስጥ በ1936 የተከፈተው የሕዝብ ዕደ ጥበብ ሙዚየም ደግሞ ስማቸው ያልታወቀ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ለዕለት ኑሮ የሠሩትን ዕቃ በክብር ያሳያል። በናኦሺማ ደሴት ታዳኦ አንዶ የነደፈው የቺቹ ሙዚየምና የያዮይ ኩሳማ ቢጫ ዱባ የዘመናዊ ጥበብ ወዳጆችን ይጠራሉ።

ስንቅና ዝግጅት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2015 ጀምሮ ወደ ናሪታ ይበራል። ቪዛው አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ ይጠየቃል። የቼሪ አበባ በቶኪዮ የሚፈካው በማርች መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከኤፕሪል መገባደጃ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው የጃፓኖች የበዓል ሳምንት ግን ሆቴልና ባቡር የሚጨናነቅበት ነው። ኪሱ ለማይፈቅድ ወጣት የተሻለው በር የትምህርት ዕድል ነው፤ የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ በየዓመቱ በኤምባሲው በኩል ይወጣል።

የእኛስ ቦታዎች?

ጃፓኖች የሚያስተምሩን አንድ ነገር፣ ድርሰት አገርን እንደሚያስጎበኝ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ “ፍቅር እስከ መቃብር” የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር የሚያስጀምረው ዲማ ላይ ነው፤ ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ የቢቸና ጎረቤት ነው። ደራሲው ራሳቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ጥቂት ነው። ከሞጣ በኩል ወደ ዓባይ ቢወርዱ ደግሞ የጎንደር ዘመን ሥራ የሆነው ሰባራ ድልድይ አለ፤ የህዳሴን ድልድይ ዲዛይን ያደነቀ ይህንንም ቢያይ ያተርፋል።

የአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ሰዎች የልብ ወለዱን ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ ቢያዘጋጁ፣ ማንጋ እያዩ ሥዕል የተለማመዱ የቢቸናና የሞጣ ልጆች ደግሞ ሰብለንና በዛብህን በሥዕል ቢያወጧቸው፣ የጉዞው አቅጣጫ ወዲህም ይሆናል። ጃፓን ለመሄድ የሚቆጥብ ወጣት እስከዚያው ድረስ መጽሐፉን ይዞ ዲማን ይጎብኝ።