ትይዩ ምድሮች፦ የቀድሞው የቴሌቪዥን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዳግም ሲታይ



ንግግሬን በአንድ ትዕይንት ልጀምር። አንዲት የጠፈር መርከብ ከምድር እጅግ ርቃ ስትጓዝ ወደማትታወቅ ፕላኔት ትቀርባለች። ተጓዦቹ አሻግረው ሲመለከቱ የሚያዩት ግን የገዛ ምድራቸውን ነው፤ አህጉሮቹና ውቅያኖሶቹ ሳይቀሩ አንድ ናቸው። ይህ በኦክቶበር 27 ቀን 1966 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው «ሚሪ» የተሰኘው የ«ስታር ትሬክ» ክፍል መክፈቻ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።) ታሪኩ ወደ ወረርሽኝና ወላጅ አልባ ሕፃናት ይሻገርና፣ ያች ፕላኔት ስለ ምን የምድር ግልባጭ እንደ ሆነች ሳይነግረን ይፈጸማል።

ይህን መሰሉን ታሪክ የገንዘብ እጥረት የወለደው ብልሃት ነው እያልሁ ለብዙ ዓመታት አስተምሬአለሁ። አባባሌ ሐሰት አልነበረም። የድራማው ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ በ1964 ባዘጋጀው የመነሻ ሰነድ ላይ፣ መርከቢቱ የምትጎበኛቸው ዓለማት ምድርን የሚመስሉ ቢሆኑ በእጅ ባሉ ተዋናዮች፣ አልባሳትና የቀረጻ ሥፍራዎች መሥራት እንደሚቻል፣ ወጪውም እንደሚቀንስ በግልጽ አስፍሯል። ይሁን እንጂ የአንድን ሐሳብ መነሻ ማወቅ ትርጉሙን ማወቅ አይደለም። ክፍሎቹን ዳግም ስመለከት ግልጽ የሆነልኝ፣ «ትይዩ ምድር» በሚለው አንድ ስም ሥር ስለ ታሪክ የተለያዩ፣ እንዲያውም የሚጣሉ እምነቶች መኖራቸው ነው። ሦስቱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው እምነት ታሪክ ሕግ ነው ይላል። በማርች 15 ቀን 1968 በታየው «ዳቦና ትርኢት» በተባለው ክፍል፣ የሮማ መንግሥት ሳይወድቅ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የዘለቀባትን ፕላኔት እናያለን። መኪናና ቴሌቪዥን አላቸው፤ ባሮች በሰይፍ ሲጋደሉም በቀጥታ ሥርጭት ይታያል። የተመልካቹ ጭብጨባና ጩኸት እንኳ ከማሽን የሚወጣ ነው። ቴሌቪዥን በራሱ ላይ እንዲህ በድፍረት የተሳለቀበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለመመሳሰሉ የተሰጠው ምክንያት ግን ፕላኔቶች በተመሳሳይ መንገድ ያድጋሉ የሚል፣ የሆጅኪን ሕግ የተባለ የፈጠራ ሕግ ነው።

ከዚህ ክፍል ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የታየው «የኦሜጋ ክብር» ይህን እምነት ወደ ጫፉ ይወስደዋል። በሩቅ ፕላኔት ላይ የሚዋጉት ያንጎችና ኮምዎች በመጨረሻ ያንኪዎችና ኮሚኒስቶች ሆነው ይገኛሉ። የአሜሪካ ባንዲራ ይወጣል፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት መግቢያም ቃል በቃል ይገኛል። የአንድ አገር የሁለት መቶ ዓመት ገጠመኝ የፍጥረተ ዓለሙ ሥርዓት ተደርጎ ቀረበ ማለት ነው። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው አባባላችን እንዲህ ላለው አስተሳሰብ የተነገረ ይመስላል።

ቢሆንም ይህን ክፍል ጠቅልዬ አልጥለውም። ያንጎች ቃሉን እንደ ምሥጢር ያነበንቡታል፤ አለቆችና የአለቆች ልጆች ብቻ እንዲናገሩት የተፈቀደ ነው። ንባቡ ተርፎ ትርጓሜው ጠፍቷል። ካፒቴን ኪርክ ጽሑፉን ገልጦ፣ ይህ ቃል ለኮምዎችም ካልሠራ ከንቱ ነው ይላቸዋል። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ በአሜሪካ የምሽት ፕሮግራም ላይ የራስ ሕግ ለጠላትም ይሥራ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው እምነት መመሳሰል ከኩረጃ ይመጣል ይላል። በጃንዋሪ 1968 የታየው ክፍል ከመቶ ዓመት በፊት በአንዲት መርከብ ተጓዦች የተረሳ፣ ስለ ቺካጎ ወንበዴዎች የተጻፈ መጽሐፍ እንዴት የአንድ ሕዝብ ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ሆነ በቀልድ ይተርካል። በፌብሩዋሪ 16 የታየው «የኃይል ንድፎች» ግን ቀልድ አይደለም፤ ለእኛ ለመምህራን ደግሞ በተለይ የተጻፈ ይመስላል። የኪርክ የቀድሞ መምህር፣ የታሪክ ሊቁ ጆን ጊል፣ የተበታተነን ሕዝብ ሥርዓት ለማስያዝ የናዚን መንግሥት አደረጃጀት ይመርጣል። ጭካኔውን ትቶ ቅልጥፍናውን ብቻ መውሰድ የሚቻል መስሎታል። መጨረሻው የታወቀ ነው፤ መምህሩ በመድኃኒት ደንዝዞ የሌሎች አሻንጉሊት ይሆናል፣ የጎረቤት ፕላኔት ሕዝብም ሊጠፋ ይደረሳል። ጊል ከቀንና ከስም ይልቅ ምክንያትን የሚያስተምር ሰው እንደ ነበረ ኪርክ ያስታውሳል። ስሕተቱ ከዕውቀት ማነስ የመጣ አልነበረም፤ ዘዴን ከዓላማው ነጥሎ ማየት ይቻላል ብሎ ከማመን ነው። እንዲህ ያለው እምነት በእኛም መማሪያ ክፍሎች ውስጥ የለም ለማለት አልደፍርም።

ሦስተኛው እምነት ታሪክ መንታ መንገድ ነው ይላል። እዚህ ላይ ሌላ ፕላኔት የለም፤ ያለችው በሌላ መንገድ የሄደች የራሳችን ዓለም ናት። በኦክቶበር 6 ቀን 1967 የታየው፣ ጄሮም ቢክስቢ የጻፈው «መስተዋት፣ መስተዋት» የኪርክን ባልደረቦች የጨካኝ ግዛት አገልጋዮች አድርጎ ያሳያል። ሥልጣን የሚገኘው አለቃን በመግደል ነው። ሆኖም ታሪኩ የሚዘጋው ጢማሙ ስፖክ ነገሩን እንዲያስብበት በቀረበለት ጥያቄ ነው፤ ይህ ግዛት እንደሚወድቅ ካወቅህ ስለ ምን ታገለግለዋለህ?

በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚልቀው ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ የብሪታንያው «ዶክተር ሁ» በ1970 በሰባት ክፍል ያቀረበው «ኢንፌርኖ» ነው። ደራሲው ዶን ሃውተን ነው። በሁለቱም ዓለማት ሳይንቲስቶች ኃይል ለማግኘት የምድርን ቅርፊት ይቦረቡራሉ። በትይዩዋ ብሪታንያ ንጉሣዊው ቤተሰብ ተገድሏል፤ አገሪቱንም አምባገነኖች ይገዟታል። ኒኮላስ ኮርትኒ በአንደኛው ዓለም ጨዋውን ብርጋዴር፣ በሌላው ዓይኑን የሸፈነውን ጨካኝ አዛዥ ይጫወታል። ቁፋሮው ቀድሞ የተፈጸመባት ያች ምድር በዶክተሩ ዓይን ፊት ትጠፋለች። ወደ እኛዪቱ ሲመለስ፣ በዚያ በመኪና አደጋ የሞተው ሰው በዚህ ከአደጋው መትረፉን ይረዳል። የሁለቱ ዓለማት ዕጣ አንድ እንዳልሆነ የሚያረጋግጥለት ይህ ትንሽ ልዩነት ነው። ልዩነት ካለ ደግሞ ቁፋሮውን ማስቆም ይቻላል።

እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ክፍል የተሻለ ድራማ ነው የሚለው ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው እምነት የሆነው ሁሉ መሆን ነበረበት ይለናል፤ እንዲህ ካሰብን በደልም ሕግ ይሆናል፣ ተጠያቂም አይኖርም። ሁለተኛው የተዋስነውን እንድንመረምር ያስጠነቅቀናል። ሦስተኛው ደግሞ ክፉውን ዓለም የሠሩት በእኛው ፊት፣ በእኛው ስም የሚጠሩ ሰዎች መሆናቸውን አሳይቶ፣ ምርጫውን በእጃችን ይተዋል።

ውድ ተማሪዎች፤ በምታጠኑት ዘመን ሁሉ «መሆኑ አይቀርም ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትጽፉ፣ ብዕራችሁን ለአንድ አፍታ አቁሙ። ሌላው መንገድ የት ላይ እንደ ተዘጋ፣ ማንስ እንደ ዘጋው ጠይቁ።