የሦስት ወር የሒሳብ መግለጫ እንዴት ይነበባል?
በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሽያጭ ሲያቀርብ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፤ ይኸውም 9,900 ብር ነበር። ይህን በቴሌብር የከፈለ የጅጅጋ ወይም የሸደር ሰው ገንዘቡ የደረሰበትን የሚያውቀው የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ሲችል ነው።

አንደኛ፤ የሒሳቡ ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜን ጨምሮ ከሌሎቹ ይረዝማል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሩብ ካለፈው ዓመት አቻው ጋር ማመዛዘን ይገባል።

ሁለተኛ፤ ትርፍ ማለት በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም። ግመሉን በዱቤ የሸጠ ነጋዴ በመዝገብ አትርፏል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። እንግዲህ የጥሬ ገንዘቡንም ዝውውር እንመልከት።

ሦስተኛ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ብድር ያለበት ድርጅት ዕዳው በብር ሲቆጠር አብጧል። ሽያጩ አደገ ሲባል ዕዳውስ ብለን እንጠይቅ።