አስቸጋሪ ጎረቤት፦ የትዕግሥት ወሰንና የጉርብትና ሐቅ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቡትና በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከተሞች መካከል ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ነባሩ ነዋሪና ከመዲናዪቱ የኪራይ ውድነት የሸሸው ቤተሰብ አጥር ለአጥር ይኖራሉ፤ በአንድ ግቢ ያሉ ተከራዮችም ቧንቧና መጸዳጃ ይጋራሉ። ሌሊቱን ሙዚቃ የሚያስጮኽ ወይም እጣቢ ወደ ሰው ደጅ የሚለቅ ጎረቤት ሲያጋጥም አቤቱታው ብዙ ጊዜ ኢማሙ ዘንድ ይደርሳል። የተለመደው መልስ «ሶብር አድርግ» የሚል ነው። መልሱ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም።

ለዚህ መልስ ማስረጃ ተደርጎ የሚተረከው፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ደጅ ቆሻሻ ይጥል ነበር የሚባለው አይሁዳዊ ጎረቤት ታሪክ ነው። ይህ ታሪክ ግን የታመነ ሰነድ የለውም። በአንጻሩ አቡ ዳውድ በሱነናቸው ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲሥ የተሟላ ሥርዓት ያሳያል። በጎረቤቱ የተማረረ ሰው አቤት ሲል በመጀመሪያ እንዲታገሥ ታዘዘ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ግን ዕቃውን አውጥቶ መንገድ ላይ እንዲያኖር ተነገረው። አላፊ አግዳሚው ምክንያቱን እየጠየቀ በዳዩን ባወገዘ ጊዜ፣ ጎረቤቱ ራሱ መጥቶ ዳግም ክፉ እንደማያይበት ቃል ገባለት። እንግዲህ ትዕግሥት ይቀድማል፤ በደሉ ሲደጋገም ግን ተበዳዩ ጉዳዩን ያለ ስድብና ያለ ድብድብ ወደ ማኅበረሰቡ ማውጣት ይችላል።

ይሁን እንጂ ጉዳትና እንግዳ ጠባይ መለየት አለባቸው። ጉዳት አለማድረስን፣ ጉዳትንም በጉዳት አለመመለስን የሚያዝዘው የፊቅህ መርህ የሚመለከተው እውነተኛ ጉዳትን ነው። የጎረቤት አለባበስ፣ ብቸኝነት ወይም የተለየ እምነት የጉርብትናን ሐቅ አያስቀርም። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) በግ ባሳረዱ ጊዜ ለአይሁዳዊ ጎረቤታቸው መላኩን አጥብቀው መጠየቃቸው ተዘግቧል።

ኸጢብ አልባግዳዲ የዘገቡት የኢማም አቡ ሐኒፋ ታሪክም ይህንኑ ያጎላል። ኢማሙ ሌሊት ሲሰግዱ፣ ጠጥቶ የሚዘፍን ጫማ ሰፊ ጎረቤታቸው ድምፅ ይሰማቸው ነበር። አንድ ሌሊት ድምፁ ሲጠፋ ጠይቀው መታሰሩን ሰሙ፤ ወደ አሚሩም ሄደው አስፈቱት። ሰውየውም ከዚያ በኋላ ተውበት አደረገ።

የአገሪቱም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ስለ ድምፅ ደረጃ ይደነግጋል።

እዚህ ላይ ኢማሙ ወደ ራሱ መስጊድ መመልከት ይገባዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲቀሩ ሰምተው፣ በንባባቸው አንዱ ሌላውን እንዳያውክ መምከራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ቁርኣን ማንበብ እንኳ በዚህ ሥርዓት ከተገደበ፣ ከአዛን ውጭ የሚለቀቅ የድምፅ ማጉያ በሽተኛና ሕፃን ያለበትን ጎረቤት ሊያስብ ግድ ነው። ራሱን ያላረመ አስታራቂ ቃሉ አይሰማለትም።

ስለዚህ አቤቱታ የቀረበለት ኢማም አስቀድሞ ጉዳቱን ያጣራል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱን ለብቻው በለዘበ ቃል ያነጋግራል፤ ካልሆነም የሁለቱንም ወገን ሽማግሌዎች ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ተበዳዩ ወደ ሕግ ቢሄድ ትዕግሥት አጣ አይባልም።